ምስኪኗ ልጇን አገኘች ያልኩሽ ዕለት

ለብርቄዬ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺ ያለሽበት ቦታ ግን ጉልበትም ወገብም አያምም ይላሉ፤ ስለዚህ የምጠይቅሽ ባጣ የራሴን ልንገርሽ። ግራ ጉልበቴ እንደነበረ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። አንድ ጥርስ ጎድሎኛል። ምላሴ ግን አንቺ እንደተውሽው አለ፤ እሱን የሚጥል በሽታ እስካሁን አልተገኘም።

ከተለየሽን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ጠላው ቀጥኖ ነበር፤ እኔን እንዳታሚ፣ ያዘዘችው ልጅሽ ሰብለ ናት። ከባሕር ዳር ስልክ ደውላ ድግስ የምትመራ ሴት መቼም ካንቺ ነው የተወለደችው።

ሠላሳ ስንት ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጬ በሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስመታ ስኖር፣ ላንቺ አንድም ቀን ጽፌልሽ አላውቅም። እዚያው ጓዳ ላለ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል! ይኸው አሁን ምክንያት ሰጠሽኝ። ፖስታውን ግን አላሸግኩትም። የሰው ደብዳቤ ሳሽግ የኖርኩ ሰው የራሴን ክፍት ትቼዋለሁ፤ የፈለገ ያንብበው። የምጽፍልሽን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ካንቺ ብቻ መደበቁ ነውር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ከማድቤቱ በላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስለውጫለሁ፤ አሁን በሌላ በኩል ያፈሳል። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ወደ ዘይነባ ግቢ ተሻግሯል፤ ዘይነባ ጠላ ባትጠምቅም «የብርቄ ነው» ብላ አታስቆርጠውም። በራችን ላይ ድንጋይ ተነጥፎ ባጃጁ ሁሉ በእኛ በኩል ሆኗል፤ ከሰዓት በኋላ ማንቀላፋት ቀርቷል። የኋላ ክፍላችንን የተከራዩት እማሆይ ደኅና ናቸው። ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ውሃ ባባከንኩ ቁጥር ይቆጡኛል። አንቺን ተክተው የቀሩ ነው የሚመስሉት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ። የንስሐ አባታችን ሰምተውኛል፤ ሰምተውም ስቀውብኛል። ዋናዋ ባለጉዳይ ግን አንቺ ነሽ።

ነገሩ ከዚያች ጥቁር ሣጥን ጋር የተያያዘ ነው።

ታስታውሻለሽ፣ ለሕክምና ባሕር ዳር ሰብለ ዘንድ በከረምሽ ጊዜ ነው ያ በአማርኛ የሚናገር የባሕር ማዶ ድራማ የለመደብሽ። ወደ ማርቆስ ስትመለሺ የእኛ ዲሽ በነፃ ከሚይዘው ቻናል መካከል እሱ የለም። ሁለት ቀን አኩርፈሽ ዋልሽ። ሰብለ አላስቻላትም፤ በየወሩ የሚከፈልበትን ሣጥን ገዝታ መጣች፣ ባንቺ ስም አስመዘገበችው፣ ዲሹንም አስዞረችው። ያን ቀን እኔ ያልኩትን መቼም አልረሳሽውም። ይኼ ሣጥን ወር በደረሰ ቁጥር ካላጎረሱት ዓይኑን የሚጨፍን ከሆነ ከእኛ ጋር የሚኖረው እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አማች ነው ብዬ ነበር። «አማችስ አንዳንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል» አልሽኝ።

ድራማው ላይ ያቺ ልብስ ሰፊ ሴት ነበረች፤ ሕፃን ልጇን ገበያ መሃል የነጠቋት። እውነተኛ ስሟን ማንም አልያዘውም፤ አንቺ «ምስኪኗ» አልሻት፣ ምስኪኗ ሆና ቀረች። ልጇን ትፈልጋለች። ሌላ ሥራ የላትም። አንዱን ከተማ ለቅቃ ሌላው ትሄዳለች፣ እዚያም ስፌት ትሰፋለች፣ እዚያም ታለቅሳለች፣ አንቺም እዚህ አብረሻት ታለቅሻለሽ። እኔ ደግሞ አላርፍም፤ ለማታውቂያት የባሕር ማዶ ሴት እንባ ከምታፈሺ ለእኔ ጉልበት ብታለቅሺ ምናለበት አልኩሽ። ቀና እንኳ ሳትዪ «ያንተ ጉልበት አልጠፋ፤ እዚያው ነው ያለው» አልሽኝ። 

እውነቱን ልንገርሽና፣ እኔም አይ ነበር። በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጫማ የምጠግን መስዬ። አንዱን ጫማ ስንት ሳምንት እንደጠገንኩት አላስተዋልሽም ብዬ አልልም።

ከዚያ ያ የመጨረሻው ሳምንት መጣ። ድራማው የሚታየው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ይዞሽ ይሄዳል። «እንዳያመልጠኝ፤ አንተ እይልኝና ስነቃ ንገረኝ» ብለሽ አደራ ሰጠሽኝ። እኔ ደግሞ የአደራ ነገር ሥራዬ ነው፤ ያልተከፈተ ደብዳቤ ሳደርስ ነው የኖርኩት። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩሽ። በየቀኑ የምትጠይቂኝ አንድ ነገር ነበር። «አገኘቻት?» ትያለሽ። አላገኘቻትም እልሻለሁ። ዓይንሽን ትከድኛለሽ።

ሐሙስ ዕለት ምንም አልሆነም። ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ ቤት ሽያጭ ሲጨቃጨቁ አለቀ። ምስኪኗ ብቅ እንኳ አላለችም። አንቺ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነቃሽ። ፊትሽ ላይ ዓይን ብቻ ነበር የቀረው። «አገኘቻት?» አልሽኝ። አፌ ምን እንደነካው አላውቅም፤ «አገኘቻት» አልኩሽ።

ቀና ለማለት ሞከርሽ። ትራሱን ደገፍኩልሽ። «በምን አወቀቻት?» አልሽኝ። እኔ መቼ ተዘጋጅቼ! በሹራቧ አልኩሽ። ልጅቷ ሳትነጠቅ ምስኪኗ ኮሌታዋ ውስጥ በቀይ ክር ትንሽ ቋጠሮ ሰፍታላት ነበር፣ ክሩ እዚያው ተገኘ አልኩሽ። አንቺ በደከምሽበት ሰዓት እንኳ ስፌት ላይ አትሸወጂም፤ «ይኼን ሁሉ ዓመት ሹራቡ አልጠበባትም?» አልሽኝ። አትለብሰውም፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣው ነው አልኩሽ። ግንባሬን ላብ አጠመቀው፤ ፖስታ ቤት ኦዲተር ሲመጣ እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

 ከዚያ «ልጅቷስ ምን አለቻት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ራት ደርሷል ወይ አለቻት» አልኩሽ። ከየት እንዳመጣሁት ለራሴም አልገባኝም።

ሳቅሽ። ሳቁ ሳል ሆነብሽና ጀርባሽን ያዝኩሽ። ሳሉ ሲተውሽ «ልጅ ናታ» አልሽ። እጄን ይዘሽ ቆየሽ፤ «አንተ ሰው» አልሽኝ። ቅዳሜ ጠዋት ተለየሽን።

ኃጢአቴ ይኼ ነው ብርቄ። ልጅቷ አልተገኘችም ነበር። ዋሽቼ ሸኘሁሽ።

እስከ አርባሽ ድረስ ሣጥኑን የነካው የለም። ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል አንድ ቀን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ የወሩ ክፍያ ደርሷል፣ ካልከፈላችሁ ይቋረጣል ይላል። ሰብለ እንድተወው ነገረችኝ። እኔ ግን ሄጄ ከፈልኩ። ለምን ብትዪ፣ አንድ ነገር አስቤ ነው። ድራማው ገና አላለቀም። ምስኪኗ ዛሬ ባታገኛት ነገ ታገኛታለች። ያን ዕለት እኔ የነገርኩሽ ውሸት መሆኑ ይቀራል፤ ሰው ሳይሰማው ቀድሞ የተነገረ እውነት ይሆናል። ያኔ ዱላዬን ይዤ መቃብርሽ ድረስ መጥቼ «አላልኩሽም?» ልልሽ ነበር።

በዚህ ተስፋ ወር ቆጠርኩ። ምስኪኗ ግን እንዴት ያለች ደንቆሮ ሴት መሰለችሽ! ልጅቷ አጠገቧ ታልፋለች፣ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፣ እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደዚያ ያደርጓታል። ዞር በይ እያልኩ እጮህባታለሁ። እማሆይ ከኋላ ክፍል ሆነው «ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» ይሉኛል። ከእግዜር ጋር አይደለም፣ አይጨነቁ እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ከድርጅቱ ነው ያለች ልጅ ደወለች። ድምጿ ማር ነው። ወይዘሮ ብርቄን ማነጋገር ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቤተ ክርስቲያን ናት አልኳት። አልዋሸሁም። መቼ እንደምትመለሺ ስትጠይቀኝ ዕለቱን የሚያውቀው አንድ እሱ ብቻ ነው አልኳት። ልጅት አመስግናኝ ዘጋች። የደወለችው ዋጋ መጨመሩን ልትነግርሽ ነበር።

ጨመረ። ጥቂት ወር ቆይቶ እንደገና ጨመረ። ጡረታዬ የት እንደምትደርስ ታውቂያለሽ፤ ሰብለ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቃለች። መጥታ ስታድር ደረሰኙን አገላብጣ አየችና ቆጣ አለች። «አባዬ፣ መድኃኒትህን ትተህ ዲሽ ትከፍላለህ? ለምንድን ነው?» ኳስ ወድጄ ነው አልኳት። የትኛውን ቡድን እንደምደግፍ ጠየቀችኝ። የሚያሸንፈውን አልኳት። ከዚያ ወዲህ ያለችውን አልጽፍልሽም፤ የራስሽ ድምፅ ስለሆነ ታውቂዋለሽ።

እሷ ሄዳ ብቻዬን ሳስበው እውነቷን ነው። የጉልበቴን ክኒን በቀን ሁለት የነበረውን አንድ አድርጌው ነበር። ከፈልኩት፣ አልከፈልኩት ስል አንድ ወር አለፈና ሣጥኑ ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ ርካሹን መንገድ ሁሉ ሞከርኩ። ዲሽ የሚያስተካክለው የደምበጫ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ወደ ነፃው መለሰልኝ፤ አንዴ ይከፈላል፣ አለቀ። ዜናው አለ፣ መዝሙሩ አለ፣ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራው ረጅም ሰውዬ አለ፤ ከሩብ የሚበልጠው ደግሞ በማላውቀው ቋንቋ ሽቶ ይሸጣል። ነገሩ አይከፋም፤ ምስኪኗ ግን እዚያ የለችም። ገበያው ዳር ፊልም በፍላሽ የሚጭን ሱቅ ሄድኩ። አለን አሉኝ። ይዤ መጥቼ ብከፍተው ምስኪኗ በአገሯ ቋንቋ ታወራለች! ድምጿ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ነገር የምትፈልግ ሴት ትመስላለች፤ እንዲህ እንደሆነች ብታውቂ አንድ ዘለላ እንባ አታፈሺላትም ነበር። በስልክም ሞከርኩ። የሞላሁት ካርድ ምስኪኗ በሩን አንኳኩታ ሳይከፈትላት አለቀ። በመጨረሻም ኳስ የሚያሳየው ሻይ ቤት ሄጄ ባለቤቱን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድራማ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ሻዩን በነፃ ሰጠኝና የልጆቼን ስልክ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ያወቀችብኝ ዘይነባ ናት። አንቺ አልጋ ላይ ሳለሽ በየቀኑ አጥር ተሻግራ እግርሽን ስታሽልሽ የነበረችው ዘይነባ ምን ይሰወርባታል! ማክሰኞ ከአማኑኤል ገበያ ጨርቋን ሽጣ ስትመለስ አጥሩ ላይ ቆመች። «ጋሽ ታምሩ፣ ዲሽዎ ፊቱን አዙሯል። ከምስኪኗ ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ። ልቀልድባት አፌን ከፈትኩ፤ ቀልዱ አልመጣም። ይኼ በእኔ ደርሶ አያውቅም። አጥሩን ይዤ እንደ ሕፃን ሁሉንም ነገርኳት። ውሸቴንም፣ ቀዩን ክርም፣ ክኒኑንም።

ስትሰማ ስትሰማ ቆየችና ሻሿን አስተካከለች። «ለዚህ ነው እንዴ ብቻዎን የሚከፍሉት?» አለች። «ዕቁብ የለን? ዕድር የለን? ተራ እንግባበታ!»

እንዲህ ሆኖ የምስኪኗ ማኅበር ተቋቋመ። ዘይነባ፣ እኔ፣ ማዶ ያለው ጡረተኛው ሹፌር ፈንታ፣ እና እማሆይ። ፈንታ የገባው ለቅዳሜ ኳስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ግን ስለ ምስኪኗ ነው። እማሆይ ገንዘብ የላቸውም፤ ዳቦ ሊያመጡ ተስማሙ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁን። መነኩሴ ዘፈንና ፊልም አያይም፤ ስለዚህ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። «መስማት እንደሆነ ጆሮ በር የለውም፤ ምን ላድርገው» አሉ። ፈንታ አንድ ጊዜ ሊቀልድ ሲል በዳቦው አስፈራሩትና ተወ።

አሁን የሠራነውን ጉድ ስሚ። ማኅበር ከሆነ ጽዋው በየቤቱ ይዞራል፤ ይኼንን ከልጅነታችን ጀምሮ ነው የምናውቀው። ስለዚህ የዚህ ወር ከፋይ ዘይነባ ናት፣ ሣጥኑም እሷ ቤት ይክረም ተባለ። ዝናብ ይጥል ነበር። ሣጥኑን ባንቺ ነጠላ ጠቀለልኩት፣ እማሆይ ከፊት ቀደሙ፣ ዘይነባ ጥላ ያዘችልኝ፣ ፈንታ ገመዱንና ሪሞቱን ይዞ ከኋላ ተከተለ። አንዲት መንገደኛ ከእውነተኛ ጽዋ ጋር ያገኘችን መስሏት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ አለፈች። ዝም አልኳት። በረከቷን ለምን ልከልክላት?

ዘይነባ ቤት ሰካነው። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ። ሲግናል የለም ይላል። ፈንታ የአይሱዙ ሞተር እንደሚቀሰቅስ ሰው ጎኑን ደጋግሞ መታው። እማሆይ ሰላም ለኪ ደገሙለት። ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ አለፈ። የደምበጫው ሰው ተጠርቶ ሲመጣና የሠራነውን ስንነግረው መሰላሉ ሥር ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ። «እናንተ ሰዎች፣ ዓይኑ እኮ ጣሪያው ላይ ነው! የዘይነባ ዲሽ ወደ ሌላ ነው የሚያየው። ሣጥኑ ከዲሹ ተለይቶ ምን ያደርጋል?» አለን። በዚያው በዝናብ፣ በዚያው ሰልፍ፣ በነጠላሽ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ መለስኩት። የእኛንም ዲሽ ወደ ነበረበት አዞረልን። ከዚያ ወዲህ የሚዞረው ክፍያው ብቻ ሆነ፤ ሰዉ ወደ እኛ ቤት ይመጣል።

ወደ እኛ ቤት ይመጣል ብርቄ። እስቲ ይኼን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ይንኳኳል። ዘይነባ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፣ ፈንታ ጫማውን በር ላይ ያራግፋል፣ እማሆይ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ያንቺን ወንበር ለብዙ ጊዜ የነካው አልነበረም። አንድ ቀን ዘይነባ ወሬ ይዛ ሳታስተውል ተቀመጠችበት። ልናገር አልኩና ተውኩት። ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማውን ያንን ድምፅ አሰማ፤ ደስ አለኝ።

ወራቱ በዚህ ሁኔታ ሄዱ። እንደገና ዋጋ ሲጨምር ማኅበሩ ተጨናነቀ። ፈንታ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሳ፣ ዘይነባም ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ይኼ የመጨረሻው ዙር ይሁን፣ ከዚያ ወደ ነፃው እንመለስ ብለን ተስማማን። እኔም ከማኅበሩ ወጥቼ ብቻዬን አልከፍልም ብዬ ማልኩላቸው። የዚያው ወር አጋማሽ ላይ ድራማው ራሱ ሊያልቅ እንደሆነ ተነገረ። አየሽ፣ ያን ሰሞን ክኒኔን ሁለት ሁለት እየዋጥኩ እንኳ እንቅልፍ አጣሁ። ውሸቴ ወይ ይጸድቃል፣ ወይ እስከ ዘላለሙ ውሸት ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻው ቀን ሰብለ ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። ስለ ውሸቱ አልነገርኳትም ነበር፤ የማኅበሩን ነገር ስትሰማ ግን ቁጣዋ በረደ። ሁላችንም ተቀመጥን። እማሆይ ግድግዳቸውን ያዙ።

ምስኪኗ አውቶቡስ ተራ መጣች። ከተማውን ልትለቅ ነው፤ ቲኬት ልትገዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጇ ናት! እኛ ሁላችን እናውቃለን፤ እሷ ብቻ አታውቅም። ዘይነባ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጅቷ ቲኬቱን ሰጠቻት፣ እጃቸው ተነካካ፣ «መልካም መንገድ፣ እናቴ» አለቻት፤ ለማንም ሴት እንደሚባለው። ምስኪኗ አመስግና ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሄደ፣ ሄደ፣ ታጠፈ። ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

 እማሆይ «ምን ሆነች?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ ያገኙት ያንን የስም ዝርዝር ነው። ፈንታ ተነሥቶ ቆመ። «ይኼን ሁሉ ወር አስከፍለው! ሾፌሩስ ምን ነክቶት ነው የነዳው? እኔ ብሆን አቆም ነበር!» ብሎ ጮኸ።

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አበቃ፣ ዋሽቼሽ ቀረሁ እያልኩ።

ዘይነባ አንገቷን ወደ እኔ መለሰች። «ጋሽ ታምሩ፣ እስቲ እርስዎ ለብርቄ የነገሯትን ይንገሩን» አለችኝ። እምቢ አልኩ። «ይንገሩን ተብለዋል!» አሉ እማሆይ። ነገርኳቸው። ስለ ሹራቡ፣ ኮሌታው ውስጥ ስላለው ቀይ ክር፣ ቦርሳ ውስጥ ስለመቀመጡ፣ ልጅቷ እናቷን አይታ ራት ደርሷል ወይ ስለማለቷ። ስጨርስ ዘይነባ እያለቀሰች ትስቃለች። ፈንታ ቁጭ አለ። እማሆይ አማተቡና «በቃ፣ ያለቀው እንዲህ ነው። ያኛውን ሲሠሩት ተሳስተው ነው» አሉ።

ሰብለ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ልውጥ ብሏል።

«አባዬ» አለችኝ። «ይኼ እኮ የእማዬ ክር ነው።»

ምን እንዳለች አልገባኝም። እሷ ቀጠለች። ልጆች ሳሉ የተማሪ ቤቱ ሹራብ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ከሰው ልጅ ጋር እንዳይቀያየርባቸው አንቺ ኮሌታቸው ውስጥ በቀይ ክር ቋጠሮ ትሰፊላቸው ነበር። ደግሞ ወላጆችሽን ልትጠይቂ ይጁቤ ይዘሻት በሄድሽበት ጊዜ ገበያ መሃል ጠፍታብሽ ነበር። ከቀትር እስከ ማታ ስትዞሪ ዋልሽ፤ አንዲት እህል ሻጭ የጠፋ ልጅ አስጠግታለች ሲሉሽ ሮጠሽ ሄደሽ፣ ጭለማ ሊሆን ሲል ልጆች መካከል ቆማ አገኘሻት፤ ኮሌታዋን ገልብጠሽ ነው ያረጋገጥሽው። እሷም ቀና ብላ አይታሽ ያለችው ቃል «ራት ደርሷል?» ነው።

እኔ ያን ቀን ፖስታ ቤት ነበርኩ። ስትመለሺ ነው የነገርሽኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስንት ጊዜ ነገርሽኝ! እንግዳ በመጣ ቁጥር። እኔም በልቤ ጓዳ ውስጥ አስቀምጬው ረስቼው፣ በዚያች ሐሙስ ስጨነቅ አውጥቼ የፈጠርኩት መሰለኝ። የራስሽን ታሪክ፣ ከእነ ክሩ፣ ላንቺው አውርቼልሻለሁ!

አንቺ ግን ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጀምረሽ አውቀሻል። የራስሽን እጅ ሥራ ልታጪው? አውቀሽ ነው «ሹራቡ አልጠበባትም?» እያልሽ ያስጨነቅሽኝ፤ ላቤን አይተሻል። አውቀሽ ነው «ልጅቷስ ምን አለቻት?» ያልሽኝ፤ መልሱን ከእኔ በፊት ታውቂው ነበር። ከአፌ እስኪወጣ ነው የጠበቅሽው። «አንተ ሰው» ያልሽኝም ለዚያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ሳሾፍ ኖሬ፣ በመጨረሻው ሐሙስ አልጋ ላይ ተኝተሽ ያሾፍሽብኝ አንቺ ነሽ! እኔ ደግሞ ላላታለልኩት ሰው ኑዛዜ ይዤ፣ ክኒን ቀንሼ፣ ይኼን ሁሉ ወር ሣጥን ስቀልብ ከረምኩ። እስቲ አሁን ሳቂ። ተፈቅዶልሻል።

ሰብለ ትከሻዬን ይዛ ስታለቅስ ስታለቅስ ቆይታ ሣጥኑን ከሶኬቱ ነቀለችው።  በነጠላሽ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ነጠላውን በኋላ መልሼ ወሰድኩ፣ ለሣጥን አይገባም።

የደምበጫው ሰው መጥቶ ዲሹን ዳግመኛ ወደ ነፃው አዞረልን። ማኅበሩ ይበተናል ብዬ ነበር። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። አሁን የምናየው ያንን ስለ ንብ የሚያወራ ረጅም ሰውዬ ነው። ዘይነባ ሰውዬው ሚስት የለውም ትላለች፤ በምን እንዳወቀች እንጃ፣ ሸሚዙን አይታ ነው። ፈንታ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳሱን ሻይ ቤት ያያል። እማሆይ ንብ ማየት ለመነኩሴ ባይከለከልም ወንበራቸውን ከግድግዳው አላዞሩም፤ ለምደውታል። እኔም ክኒኔን በትክክል እየወሰድኩ ነው፤ ለሰብለ የምታስተላልፊበት መንገድ ካለሽ ንገሪልኝ፣ እኔን አታምነኝም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ደግሞ መልእክት ገባ። «ውድ ደንበኛችን ብርቄ፣ ናፍቀሽናል፤ ተመለሺ» ይላል። እኔ ሳልልሽ እነሱ ቀደሙኝ። አላጠፋሁትም።

በይ እንግዲህ ወረቀቱ እያለቀ ነው። ይኼን ደብዳቤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ቴምብር አያስፈልገውም፣ አድራሹ ራሴ ነኝ። የምስኪኗን ነገር የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ልጇን አግኝታለች ይባላል፤ እኔ እስካለሁ የሚለውጠው የለም። ያንቺንም ነገር ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራለሁ፤ ከይጁቤ ገበያ ጀምሬ እስከዚያች ሐሙስ ድረስ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ አንቺ ስታወሪው እንደነበረው።

ትናንት ሰብለ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ካቦርቴን አስመጣኋትና ኮሌታው ውስጥ ቀይ ክር እንድትቋጥርልኝ አዘዝኳት። አልጠየቀችኝም፤ ቋጠረችልኝ። የእጅ ሥራዋ እንዳንቺ አይደለም፣ ትንሽ ተንጋዷል፣ ግን ጠንካራ ነው። እዚያ ሽማግሌ ብዙ ነው ይባላል፤ ከሰው ጋር እንዳትቀያይሪኝ። ስመጣ ኮሌታዬን ገልብጠሽ እዪ። እኔም ቀና ብዬ ራት ደርሷል ወይ እልሻለሁ።

ያንቺው፣
ታምሩ